የተዘለለችው ቁጥር

«እናቴ ድናለች። ቀጠሮዋን ለሌላ ሰው ስጡት፤ ወረፋ የሚጠብቅ አይጠፋም።»

ጸሐፊዋ ይህን የሰማችው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ አልጋ ሥር ስትፈልግ ነው። ድምፁ የታላቅ ወንድሟ፣ ስልኩ ግን የእናቷ ነበር። ብቅ ብላ አየች። ወንድም ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ «አይ እህቴ፣ አይ እህቴ» ይላል። ከማዶ ያለችው ሴት ምን እንደምትለው አይሰማም፤ ነገሩ እንዳልጣመው ግን የማጅራቱ ሥር ሲገተር ያስታውቃል። «አንቺ ነርስ ነሽ እንጂ አምላክ አይደለሽም!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ከዚያ መነጽሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አንድ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገና «በቃ፣ ከእንግዲህ ብትደውልም አይጠራ» አለ ለራሱ። በየማለዳው እየደወለች «እማማ፣ ዛሬስ እግርዎ እንዴት አደረ?» የምትለውን የዚያችን የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ቁጥር መዝጋቱ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ! ድናለች የተባለችው ሴት ከግድግዳው ማዶ ግራ እግሯን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ልጇ የገዛላት አዲስ ጫማ ተረከዟን ሳይሆን ትንሿን ጣቷን ፋቃት። ፋቃት ብቻ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በሦስት ቀን የሚረሳው ነገር ነው። እሷ ግን ስኳር አለባት፤ ስኳር ያለበት እግር ደግሞ ቁስሉን አይናገርም። ጣቷ መጀመሪያ ቀላች፤ ቀጥሎ ላይዋ ደረቀ። ያን ጊዜ ወንድም ጋሼ «ያምሻል እማዬ?» ብሎ ጠየቃት። «ኧረ ምንም አያመኝም ልጄ» አለችው። አለማመሙ በሽታው ራሱ መሆኑን ነርሷ ደጋግማ ነግራዋለች፤ እሱ ግን አለማመሙን ለመዳኗ ማስረጃ አደረገው። በማግስቱ ጸሎት ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት፣ እናቴ ድናለች ብሎ መሰከረ። ሰውም አጨበጨበ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጣቷ ወይን ጠጅ ሆነች፣ ከወይን ጠጅ ወደ ጥቁር ሄደች፣ ዛሬ ደግሞ ከጎኗ ያለችው ጣት ጥፍሯ ሥር መጥቆር ጀምራለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ሰውየው ያንን ቃል የሚመልስበት መንገድ ጠፋበትና የእናቱን እግር ማገደበት።

ደግሞ ክፉ ሰው ቢሆን ምን ችግር ነበረው! ክፉን ሰው ተጣልተሽ ትገላገዪዋለሽ። ወንድም ጋሼ ግን አባታቸው ሐኪም ቤት በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ ከወጣ ወዲህ ይህንን ቤት ተሸክሞ የቆመ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ በየግቢው ዞሯል። ውሻ ነከሰኝ፣ በር ዘጉብኝ ብሎ አንድ ቤት ዘሎ አያውቅም፤ ተንበርክኮ፣ የቆጣሪውን ክዳን በእጁ ጠርጎ፣ መነጽሩን አስተካክሎ የመጨረሻዋን ቁጥር ሳያይ አይነሣም። ከሥራ መልስ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል። ሰዉ መምህር ይለዋል፤ እናቱም ሰው ፊት ስትሆን መምህር ትለዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት የሠፈሩ ሰው እናቲቱ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ ከአፉ ይማራል። ዛሬም ቅዳሜ ነው።

ጸሐፊዋን ሲያያት አልደነገጠም። ከደረት ኪሱ አራት ገጽ የተጻፈበት ወረቀት አወጣና ሰጣት። «ለዛሬ ነው። አሥራ አምስት ቅጂ። ጥቅሱን እንደተለመደው ሙዪው» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀጠሮው ዛሬ በአራት ሰዓት አይደለም እንዴ?»

«ነበር» አለ። ይህችኑ ብቻ ብሎ የሥራ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ጸሐፊዋ እናቷ ክፍል ገባች። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ሽቶም ተረጭቷል፤ ያም ሆኖ ከሽቶው ሥር ያለው ሽታ አልሸሸም። «እማዬ፣ ተነሺ፤ ታክሲ ልጥራ» አለቻት። እናቷ ኮርኒሱን እያየች «ወንድምሽ ምን አለ?» አለች። «ወንድሜ ሐኪም ነው እንዴ?» ብትላት፣ «ሚጡ፣ በሰው ፊት ተናግሯል። አታዋርጂው» ብላ ፊቷን አዞረች። ይህች ሴት በጉልምስናዋ ገበያ ቁጭ ብላ ሽንኩርትና ድንች ስትሸጥ፣ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር። ለማንም ያልተበገረችው ሴት ለበኩር ልጇ ስትሆን አንደበቷ ይታሰራል። ጸሐፊዋ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ትንሽ ቆመች። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ነገር ጉባኤው ፊት አንሥታ፣ ወንድም ጋሼ «እህታችንን የጥርጥር መንፈስ ይዟታልና እንጸልይላት» ብሎ አሥራ አራት ሰው እጁን ጭኖባታል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት አድላ ወጥ ቤቱ በር ላይ እንድትቀመጥ ነው የተፈረደባት። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

የምትሠራበት ቤት በልብስ ሰፊና በፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነው። ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ የሰው መቀመጫ፣ አንድ አሮጊቷ የሚሏት ኮፒ ማሽን አለ፤ አሮጊቷ በየሃያ ገጹ ትስልና ጎኗን ካልመቷት አትቀጥልም። አንድ ገጽ በአምስት ብር ይተየባል፤ ማመልከቻ ከሆነ፣ ቃሉን አሳምሮ መጻፍም አለበትና፣ በስምንት ነው። ሲነጋ ጀምሮ ሰው ይገባል፦ ሥራ ፈላጊው ማስረጃውን ያባዛል፤ ከቤት ልቀቂ የተባለችው ሴት አቤቱታዋን እያለቀሰች ታስጽፋለች። ጸሐፊዋ አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ስትቀመጥ አንድ ሕግ አላት፦ የደንበኛን ጽሑፍ አትነካም። ስሕተት ካየች ትጠይቃለች፤ ሳትጠይቅ አንዲት ነጥብ አትጨምርም፣ አታነሣም። ሰዉ በዚህ ያምናታል። እንዲያውም የሰውን ምሥጢር ከነበሽታው ተይባ «አንቺ እኮ መቃብር ነሽ» ተብላ የተመረቀች ሴት ናት፤ ምርቃት ከሆነ ማለት ነው።

የወንድሟን ወረቀት የያዘችው ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ከላይ በሚያምር እጅ ጽሑፉ «ከንጉሥ አሳ ሕይወት ለግል እምነታችን የምንማራቸው ሰባት ትምህርቶች» ይላል። አለቃዋ ከኋላ መጥታ ብቅ አለችና «ስለ ዓሣ ነው? የሚጠበሰው?» አለች። «ንጉሥ ነው፣ እትዬ» ብትላት፣ «ንጉሥ ከሆነማ የሚጠብሰው እሱ ነው» ብላ እየሳቀች ወደ ሒሳቧ ተመለሰች።

እውነቱ ይነገር፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ትምህርቶች መልካም ነበሩ። ንጉሥ አሳ ጣዖት ያፈረሰ ሰው ነው። አያቱ ለጣዖት ምስል ስታሠራ ጊዜ ሥጋ ዘመዴ ናት ሳይል ከእቴጌነቷ የሻራት ነው። የሚሊዮን ሠራዊት ሲመጣበት ወደ ፈጣሪው ጮኾ የረዳው ነው። ጸሐፊዋ እየተየበች ልቧ ተነካ፤ ወንድም ጋሼ ሲጽፍ ያምንበታል፣ ያ ከብዕሩ ይታያል። ስድስተኛው ትምህርት፣ ንጉሡ ሲያረጅ በአምላኩ መታመኑን ትቶ ለጎረቤት ንጉሥ ብርና ወርቅ ልኮ እርዳታ እንደ ገዛ፣ አንድ ባለ ራእይም መጥቶ በግልጽ እንደ ወቀሰው ይናገራል። ሰባተኛው «በታመምን ጊዜ ወደ ማን እንሮጣለን?» ይላል። ንጉሡ በመጨረሻ እግሩን ታመመ፤ በታመመም ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን እንጂ አምላኩን አልፈለገም። ከሥሩ በቅንፍ «እዚህ ላይ በመካከላችን ያለችውን እናት ምሳሌ አድርጌ እናገራለሁ» የሚል የራሱ ማስታወሻ አለ። እግር ነዋ! ከስንት ነገሥታት መካከል እግሩን የታመመውን ፈልጎ ያገኘው ለዚህ ኖሯል። ጸሐፊዋ እጇን ከፊደሉ ላይ አነሣች። 

ወንድም ጋሼ ጥቅሱን በሙሉ ጽፎ አያውቅም። ምዕራፉንና ቁጥሩን ብቻ በጠርዙ ያሰፍራል፤ ከመጽሐፉ እያየች ቃሉን የምትሞላው እሷ ናት፤ እሱም ስለሚያምናት መልሶ ሳያይ ጉባኤ ፊት ያነበዋል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሲሠሩ ኖረዋል። በዛሬው ጠርዝ ላይ «ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 16፤ ከ7 እስከ 9፣ ከዚያ 12» ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን የተባለችውን ተይባ ታልፍ ነበር። ዛሬ ግን፣ የተናደደ ሰው ዓይኑ ይከፈታልና፣ ጣቷ ዘጠኝ ላይ አልቆመም። ወደ አሥር ወረደች። አሥር ላይ የተጻፈው፣ ንጉሡ እውነቱን በነገረው በዚያ ሰው ላይ እጅግ ተቆጣ፣ ይዞም ወህኒ አስገባው፤ በዚያው ወራት ከሕዝቡም አንዳንዶቹን አስጨነቀ የሚል ነው። ደግማ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። እውነት የነገረውን አሰረ፤ ከዚያ እግሩን ታመመ። እንዲህ ነው የተጻፈው፤ በተርታ።

ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የነካካት ጣት ትዝ አለቻት። ወይ ነዶ! አያውቃትም እንዳይባል መጽሐፉን በየዓመቱ ከዳር እስከ ዳር የሚወጣ ሰው ነው። አይቷታል፤ አይቶ ነው የዘለላት። የማንም ባዕድ ቤት ቆጣሪ የማይዘል ሰው ይህችን ቁጥር ዘለላት!

የአለቃዋን ስልክ ተውሳ፣ ከቀጠሮ ካርዱ ገልብጣ በያዘችው ቁጥር ለነርሷ ደወለች። «ድናለች አይደለም እንዴ የተባልኩት?» አለች ነርሷ፤ ድምጿ ውስጥ ቅሬታ አለ። «አልዳነችም። ሁለተኛዋ ጣት ጀምራታለች፤ ሽታም አለው» አለቻት። ነርሷም «ስሚኝ እህቴ፤ ዛሬ ማታ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነኝ። ዛሬውኑ አምጪያት። እስከ ሰኞ ብትቆይ ስለ ጣት ሳይሆን ስለ እግር ነው የምናወራው፤ ከዚያም ካለፈ ስለ ነፍስ» አለቻት። ጸሐፊዋ ስልኩን መልሳ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ዓመት ያልነካችው ሕግ ከፊቷ ተገተረ። ብትጠይቀው አይሆንም ይላታል፤ ካለ ደግሞ አለቀ። «ጥቅሱን ሙዪው ነው ያለኝ» አለች በመጨረሻ ድምፅ አውጥታ፤ «መሙላት ማለት ቀዳዳ አለመተው ነው።» ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያለውን አንዲት ፊደል ሳታጎድል ተየበች። አሮጊቷን ጎኗን እየመታች አሥራ አምስት ቅጂ አወጣች፤ የወረቀቱንም ዋጋ ከራሷ ከፈለች።

በአሥር ሰዓት ሳሎኑ ሞልቷል። እናትን ከነትራሷ አምጥተው ረጅሙ ወንበር ላይ አጋድመዋታል፤ እግሯ ላይ ነጭ ነጠላ ተደርቧል፤ ክፍሉ እንደገና ሽቶ ተረጭቷል። የመጣው ሁሉ እየጎነበሰ ይስማታል፤ ሲጎነበስ አፍንጫው ይነግረዋል፤ ቀና ሲል ግን «ተመስገን ነው፣ ፊትዎ በራ እኮ!» ይላል። አሥራ አራት አፍንጫ አንድ አፍ አጣ! ጸሐፊዋ ወረቀቱን አድላ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። አባባ ሹፌሩ አርባ ዓመት መንገድ ስላዩ ይሁን እንጃ፣ ሲያነቡ ጣታቸውን እያንዳንዱ ቃል ሥር አድርገው ነው የሚሄዱት፤ ማንም ቢቸኩል እሳቸው ፍጥነት አይጨምሩም።

ወንድም ጋሼ መልካም አድርጎ ጀመረ። ድምፁ ሞላ ያለ ነው፤ ንጉሡ ጣዖቱን ሲሰብር ሰዉ አሜን አለ፤ ንጉሡ በጦርነቱ ሲጸልይ እናት ዓይኗን ጠረገች። ስድስተኛው ትምህርት ላይ ደርሶ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ጥቅሱን ማንበብ ጀመረ። ሰባትን አነበበ፤ ስምንትን፣ ዘጠኝን አነበበ። ከዚያ ቆመ። ጸሐፊዋ ከበሩ ሆና አየችው። እጇን ጭኖቿ መካከል አስገብታ ጠበቀች፤ ምናልባት ያነበው ይሆናል አለች በልቧ፤ ወንድሟ ነውና ያንን ተመኘች። እሱ ግን ገጹን ገለበጠና «በነገሠ በሠላሳ ዘጠነኛው ዓመት እግሩን ታመመ...» ብሎ ቀጠለ።

«መምህር፣ ወራጅ አለ!» አሉ አባባ ሹፌሩ።

ሰዉ ሳቀ። «ምን አሉ አባባ?» አለ ወንድም ጋሼ።

«አንድ ፌርማታ አለፉ። ቁጥር አሥር ላይ እኔ ቆሜ ቀርቻለሁ።» ጣታቸው እውነትም እዚያው ቃል ሥር ነው።

«እሷ ለዛሬው ትምህርት አታስፈልግም። የጽሕፈት ስሕተት ናት፤ እኔ አልጻፍኳትም።»

ጸሐፊዋ ተነሥታ ቆመች። «እውነት ነው፣ አንተ አልጻፍካትም» አለች።  «እኔ ነኝ የተየብኳት። ግን ከኪሴ አላወጣኋትም፤ መጽሐፉ ላይ አለች። ሁላችሁም ይዛችኋል፣ ግለጡ።»

 አንድ ሁለት ሰው መጽሐፉን መግለጥ ሲጀምር የወረቀቱ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከረጅሙ ወንበር በኩል እናት ራሷን ቀና አድርጋ «ምን ትላለች፣ የተዘለለችው?» አለች።  «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሚነበብልኝን ነው የምሰማው። አባባ፣ ያንብቡልኝ እስቲ።» አባባ ሹፌሩ በጣታቸው እየመሩ፣ ቃል በቃል፣ እውነት ነጋሪው ወህኒ ሲገባ፣ ሕዝቡም ሲጨነቅ አነበቡላት። ሲጨርሱ ቀና አላሉም።

«ታዲያ እግሩን የታመመው ከዚህ በፊት ነው ከዚህ በኋላ?» አለች እናት።

«በኋላ ነው የሚለው፣ እመቤቴ» አሉ አባባ ሹፌሩ።

እናት ነጠላውን እያየች ቆየች። ገበያ ሳለች ሚዛን ስታይ እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ አትጮህም፣ ብቻ ዓይኗን ከመርፌዋ ላይ አታነሣም። «ያቺ ነርስ ዛሬ አልደወለችልኝም» አለች ቀስ ብላ። «አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለችም ነበር።»

ወንድም ጋሼ መነጽሩን በጣቱ ገፋ አደረገ።

«ዘግቷታል እማዬ» አለች ጸሐፊዋ። «ጠዋት ቁጥሯን ዘጋው። ቀጠሮሽንም ድናለች ብሎ ሰረዘው።»

«እንዴት ነው የሚዘጋው ደግሞ?»

«ብትደውል ስልክሽ አይጠራም። የቱንም ያህል ብትናገር አትሰሚያትም።»

«ታሰረች በለኛ!» አለች እናት ወደ ልጇ ዞራ። ወንድም ጋሼ «እማዬ፣ እኔ እኮ እምነትሽ እንዳይሸረሸር...» ብሎ ጀመረ፤ አላስጨረሰችውም። «ና እስቲ ወደዚህ» አለችው። መጣ። «ጎንበስ በል።» ጎነበሰ። እጇን ዘርግታ መነጽሩን ከፊቱ ላይ አወለቀችው፤ አጥፋም በጡጫዋ ያዘችው። «በል አሁን ያቺን የእግሩን ቃል አንብብልኝ። አንተ ነህ የምታነብልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ወረቀቱን አስጠጋው። አራቀው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።  «አይታየኝም እማዬ» አለ።

«ይኼንን ዓይን ማን ሰጠህ?»

እጁን ወደ መነጽሩ ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

«ባለ መድኃኒት ነው የሰጠህ። እኔው ነኝ ሽንኩርቴን ሸጬ የወሰድኩህ፤ ፊደል አይታየኝም ብለህ ስታለቅስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርክ። ያን ጊዜ አምላኬን የካድኩ አልመሰለኝም። በየምሽቱ እየጸለይኩልህ ነው የወሰድኩህ። እሱም ሰምቶኛል፤ ይኸው በዚሁ መነጽር ቃሉን ስታነብ ኖርክ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሚጡ፣ ታክሲ ጥሪ።»

አሥራ አራቱ አፍንጫዎች ያን ጊዜ አፍ አወጡ። «እኔስ ሽታው አልጣመኝም ነበር»፣ «እኔም ልናገር ብዬ መምህርን አፍሬ ነው» እያሉ ተሻሙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የሰው በሽታ የሚደብቅስ ምን ይባላል? ጸሐፊዋ ለማናቸውም አልመለሰችም። እናቷን ከአባባ ሹፌሩ ጋር ደግፋ ስታወጣ ወንድም ጋሼ ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ ከኋላ ተከተለ።  ባለ ታክሲው መስኮቱን እስከ ታች አወረደው።

ድንገተኛ ክፍሉ ነጭ መብራት ያለበት፣ አግዳሚው በሰው የሞላ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባ ነው። ነርሷ እናትን እንዳየች ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ሮጠች፤ ስለ ጠዋቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ወጣቷ ሐኪም ነጠላውን ስታነሣ ፊቷን አላጨማደደችም፤ ጓንቷን አጥልቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ተጫን ተጫን አደረገችና «መቼ ነው የጀመረዎት እማማ?» አለች። እናት ልጇን አየችው። ልጇ የማያየውን ወለል ያያል። «ዛሬ ነው ያየሁት» አለች እናት።

ጸሐፊዋን ከቀኑ ሁሉ ነገር ይልቅ ይህች ቃል አቃጠለቻት። እግሯን ሊቆርጡት ቢላዋ እየሳሉ እሷ አሁንም የልጇን ስም ትሸፍናለች! «አሥራ ዘጠኝ ቀን» አለች ጮክ ብላ። «አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፣ ዶክተር። እንዲህ ብለሽ ጻፊው።» እናት ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሟ ጻፈችው፤ ብዕሯን ሳታነሣም፣ «በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ቁስሉን አጥበን፣ መድኃኒት ሰጥተን፣ በእግራቸው ይሄዱ ነበር» አለች። የተናገረችው ለማንም አልነበረም፤ ወንድም ጋሼ ግን ግድግዳውን ተደገፈ።

እናትን ገፍተው ወሰዷት። ጡጫዋ እንደተጨበጠ ነው፤ ነርሷ መነጽሩን ልትቀበላት ብትሞክር አልለቅም አለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያችው ነርስ ቅጽ ይዛ ተመለሰች። «እማማ በጣታቸው ፈርመዋል። ከቤተሰብ ደግሞ አንድ ሰው አንብቦ ይፈርም፤ ታላቅ ልጅ የቱ ነው?» አለች። ወንድም ጋሼ እጁን አነሣ። ወረቀቱን ተቀብሎ በልማድ ወደ ደረት ኪሱ ገባ፤ ባዶ ነው። ሌላውን ኪሱን ዳሰሰ። ወረቀቱን አራቀ፣ አቀረበ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያየዋል።

«ሚጡ» አለ፤ እሷ እንኳ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባት። «አንብቢልኝ።»

«ሁሉንም ነው፣ ወይስ የምትፈልጋትን ብቻ?»

 «አባታችን እኮ እንዲህ ዓይነት ቤት ገብቶ ነው የቀረው» አለ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከአፉ ያልወጣች ቃል ይህች ናት። እምነት ብሎ የጠራው ነገር ግማሹ ፍርሃት ኖሯል። ጸሐፊዋ አንጀቷ ሊባባ አለና እናቷ ጨብጣ የሄደችው ጡጫ ትዝ ሲላት መለሰችው። «እሱን ያኔ ብትነግረን ኖሮ ሦስታችንም አብረን እንፈራ ነበር» አለችው። «አሁን ሁሉንም ነው ወይስ የምትፈልጋትን?»

«ሁሉንም።»

አጠገቡ ቆማ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ሥር አደረገች። የሕመምተኛዋን ስም አነበበች፤ ዕድሜዋን አነበበች። ቁስሉ ከተፈጠረ የቆየበት ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። የግራ እግር ትንሿ ጣትና ከጎኗ ያለችው ጣት እንዲቆረጡ። ጉዳቱ ወደ ላይ አልፎ ከተገኘ...

«ይበቃል፤ ገብቶኛል» አለ ወንድም ጋሼ። እጁንም አነሣ። «የምፈርምበትን አሳዪኝ።»

ጸሐፊዋ ጣቷን ከመስመሩ አላነሣችም። «ጉዳቱ ወደ ላይ አልፎ ከተገኘ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ካለፈ እስከ ጉልበት ድረስ እንዲቆረጥ የተስማማን መሆናችንን» ብላ አነበበች፤ ቀጥላ የሚቀጥለውን፣ ቀጥላ ደግሞ የሚቀጥለውን፣ ጮክ ብላ፣ አንዲት ቁጥር ሳትዘል እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ አነበበችለት። ከዚያ እጁን ይዛ ፊርማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀመጠችለት።